የማለዳ መርፌ

ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል። ስሙ የወጣላት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትውል ሳይሆን ስለማትጠቀምበት ነው። ሰው ከበሩ ሲገባ አንዴ ከላይ እስከ ታች ታየውና ወገቡን፣ ትከሻውን፣ የእጅጌውን ርዝመት ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። «ካለፈው ሁለት ጣት ጨምረሻል፤ ምን አገኘሽ?» ብላ ያላስቀየመቻት ደንበኛ የለችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። መተዳደሪያዋም ኩራቷም ዓይኗ ነበር።

ይህንን ዓይን ነው ሐኪሟ «ግፊት አለበት» ያለቻት። ግላኮማ። አያምም፣ አይቀላም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። «የጠፋውን አንመልሰውም፤ የቀረውን ግን እንጠብቀዋለን። ጠዋትና ማታ፣ በየዓይንዎ አንድ አንድ ጠብታ፣ ዕድሜ ልክ» ተባለች። እጇ ለክር እንጂ ለጠብታ አልሠለጠነምና ግማሹ ጉንጯ ላይ ይፈስ ነበር። ስለዚህ አናጢው ባሏ ሥራውን ተረከባት። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት፣ ማታ ደግሞ የእንጨት ብናኙን ከእጁ ታጥቦ፣ «ቀና በይ፣ ሜትርዬ» ይላታል። ቀና ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሜትር ጸሎተኛ ናት፤ በዚህስ የሚያማት የለም። ረቡዕ ረቡዕ ከሚሰበሰበው የጸሎት ቡድን ቀርታ አታውቅም። አንድ ረቡዕ ጎረቤቷ ጉልበቷ እንደተፈወሰላት ቆማ መሰከረች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሜትርም እልል አለች፤ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ቅናት አንጀቷን አሳረራት። ይህቺ ትናንት የመጣች ሴት ስትድን፣ እኔ ሃያ ዓመት የተንበረከክሁት በአንዲት ብልቃጥ ልኑር?

በማግስቱ ሱቋን ከፍታ ከመርፌዎቿ ሁሉ ቀጭኗን መረጠች። ጥቁር ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ጥቁር ክር አወጣች። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ አምላኳን አናገረችው።

«ጠብታውን ትቻለሁ። በየጠዋቱ ይህንን ክር አስገባለሁ። ባንድ ሙከራ ከገባልኝ ፈውሰኸኛል ማለት ነው።»

ክሩ ገባ። እያለቀሰች ጨርቁን ሳመችው።

ለባሏ «ለምጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ራሴው አደርገዋለሁ» አለችው። ትንሽ ከፋው፤ ግን ብልቃጡን አስረከባት። ብልቃጡ ሳይጎድል ቀርቶ እንዳያሳብቅባት በየቀኑ አራት ጠብታ እየቆጠረች የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ታፈስስ ነበር። የልብስ ሰፊ ጥንቃቄ ነው እንግዲህ፤ ጥገናው ከውጭ እንዳይታወቅ። ማታ «አደረግሽ?» ሲላት፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ትላለች፣ ሰው ሁሉ እንደሚምለው፣ እየሳቀች።

ስምንት ወር ሙሉ ክሩ አንድ ቀን እንኳ አልሳተም። በመካከሉ ግን የበሩ መቃን ያስቸግራት ጀመር። ትከሻዋ በልዞ ይሰነብታል። ደንበኞቿ «ሰላም ብንልሽ ዘጋሽን፣ ኮራሽ» እያሉ አኮረፏት። መቀሷን አጥታ ክፍሉን ስታተራምስ ቆይታ፣ እዚያው ክርኗ ሥር ታገኛታለች። «እርጅና ነው» ትልና ወደ መርፌዋ ትመለሳለች። መርፌዋ እንደሆነች አትዋሽም።

በጸሎት ቡድኑ ፊት የምትመሰክርበት ቀን ሲቆረጥ፣ የሐኪም ወረቀት ይዛ ብትቆም የሚጠራጠረው ሁሉ አፉን እንደሚይዝ አሰበች። ባሏን አስከትላ ሄደች። ምንም አልነገረችውም፤ እዚያው ልታስደስተው ነበር።

ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይኗን ሸፍነው አገጯን መሣሪያው ላይ አስደገፏት፣ ቁልፍም አስጨበጧት። «መብራት ብልጭ ሲል ባዩ ቁጥር ይጫኑ» አላት ባለሙያው። መሃል ላይ ብልጭ አለ፤ ተጫነች። ደግሞ ብልጭ አለ፤ ተጫነች። ከዚያ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

«ልጄ፣ መሣሪያችሁ ተበላሸ እንዴ? ቆመ እኮ» አለችው።

ባለሙያው መሣሪያውን አየት አደረገ።

«አልቆመም፣ እናቴ። እስካሁን ሲበራ ነበር።»

ሐኪሟ የእይታዋን ስፋት የሚያሳየውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዙሪያው ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ቀርታለች። «ጠብታውን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ያለማቋረጥ!» አለ ባሏ ቀድሞ፣ ሚስቱ የተሰደበች ያህል ተቆጥቶ።

«ትቼዋለሁ» አለች ሜትር። «ግን መርፌ አስገባለሁ! በየጠዋቱ፣ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ!»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «መርፌ የሚታየው በእይታዎ መሃል ነው። ይህ በሽታ የሚበላው ከዳር ነው፤ መሃሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እንኳ ክሩ ይገባልዎታል።»

ባሏ ክንዷን ይዞ ወደ ቤት መራት። ቤት ገብተው ሲቀመጡ ነው የተናገረው።

«ስትደፊው ነበር?»

«አምኜ ነበር» አለች። «በእግዚአብሔር ታምኜ ነበር።»

አናጢው ንግግር አያውቅም። «ካመንሽ በየጠዋቱ ምን ስትፈልጊ ነበር?» አላት።

ስታስበው፣ ተማሪ እንደምትፈትን አስተማሪ በየማለዳው እግዚአብሔርን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፈትናዋለች፤ ያውም ጥያቄውን ራሷ መርጣ፣ መልሱን ራሷ አርማ። ከባሏ እጅ ጠብታ በተቀበለችባቸው ሁለት ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ ምልክት ጠይቃ አታውቅም። ቀና ትላለች፣ ይወርድላታል፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። መታመን ያ ነበር፤ በእጇ ሳለ ግን የእምነት ማነስ መስሏት አፈረችበት።

ባሏ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ብልቃጡን አመጣ።

«ቀና በይ» አላት። «ሜትርዬ» አላለም።

ቀና አለች። እጁ ከጎኗ ሲመጣ እንደ ድሮው ልታየው ጠበቀች። ጣሪያውን ብቻ አየች፣ ያንንም በጥቂቱ። ጠብታው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ዓይኗ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ፣ ለሌላኛው ዓይኗ ጠበቀች።