ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ባጃጅ ከሚሴን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን የደረሰብኝ ነው። እስካሁን የማልረሳው፣ በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ ጀምሬ መጨረስ ያቃተኝ ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ ጠጪ ነበርኩ። ልኩን ልንገራችሁ ካልኩ፣ እኔ የጠጣሁት አረቄ ቦርከና ወንዝ ላይ ቢደፋ የጨፋ ሜዳ ከብት ሁሉ ሰክሮ ሰንበቴ ገበያ እየዘፈነ ይገባ ነበር። የሙስሊም ልጅ ነኝና የምጠጣው ተደብቄ ነው፤ ቢያንስ የተደበቅኩ ይመስለኝ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች አንዲት ጓዳ እገባና፣ ስወጣ አንድ እፍኝ ቅርንፉድ አኝኬ ቤቴ እሄዳለሁ። ሚስቴ ዘይነባ ሸተትከኝ ስትለኝ፣ ጥርሴን አሞኝ ለመድኃኒት ነው እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሴን አመመኝ።

አንድ ቀን ልብሷን ቋጥራ፣ ልጆቹን ይዛ ሰንበቴ አባቷ ቤት ገባች። ከደጃፍ ዞር ብላ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "መጠጡንስ እችለው ነበር። አይኔ እያየ ስትክደኝ ነው ያቃተኝ። ጠጪ ነኝ ብለህ በአፍህ ያመንክ ቀን ላክብኝ።"

ከምልክባት አረቄው ቢገድለኝ መረጥኩ። ግን ቤቱ ጭር ሲል ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ሲስተር ሐዋ ለምትባል ነርስ፣ ወንድሜን መጠጥ አስቸግሮታል አልኳት። እናቴ ወንድ የወለደችው እኔን ብቻ ነው። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ፤ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እንደሚሰበሰቡ፣ ወንድሜን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ወንድሜ ስላልተወለደ ብቻዬን ሄድኩ።

ከኔ ጋር ሰባት ሆንን። ጤና ጣቢያ ሰው እንዳያየን ተብሎ ሲስተር ሐዋ ባዶ የነበረውን የአክስቷን ግቢ ሰጥታናለች፤ ማንጎው ሥር ሰሌን ዘርግተን እንቀመጣለን። ሕጉ ሁለት ነው። እዚህ የተነገረ ከበር አይወጣም፤ ሁሉም ስለራሱ ብቻ ይናገራል። እኔ ሦስት ማክሰኞ ስለወንድሜ አወራሁ። ሚስቱ ጥላው እንደሄደች ስናገር ለራሱ ለወንድሜ አዝኜ እንባዬ መጣ።

በአራተኛው ማክሰኞ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ታሪኩን ነገረን። ታሪኩን አልነግራችሁም፤ ሕጉ ይከለክለኛል። ብቻ በር የሚያክል ሰውዬ ነው፣ ሲጨርስ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሌሎቻችን አንገታችንን ደፋን። የግቢው በር ደግሞ ገርበብ ብሏል።

ሰሌን ተዘርግቶ፣ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዱ ሲያለቅስ ያየ የከሚሴ ሰው ምን ይላል? ለቅሶ ነዋ! መጀመሪያ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ይማም የአስር ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ ገቡ። "ኢናሊላሂ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሐጂ ገብተው ማን ይቀራል? ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የከሚሴ ግማሹ ግቢው ውስጥ ነበር፤ እሺ፣ አርባ ሰው። አንዲት እናት ንፍሮ በትሪ ይዘው መጡ። እኛ አገር መጀመሪያ ይቀመጣል፤ የሞተው ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

"ኤኙቱ ዱኤ?" አሉ ሐጂ በኦሮምኛ። በአማርኛም ደገሙት፦ "ማን ነው የሞተው?"

ሲስተር ሐዋ መሬት መሬት ታያለች፤ ምስጢራችንን እንዴት ታውጣ? ስድስቱም እኔን አዩኝ። ውሸት ሲያስፈልግ ወደ ባለሙያው ነው የሚዞረው።

"ባቲ ያሉ አጎቴ ናቸው" አልኩ። አጎት የለኝም።

ሐጂ እጃቸውን ለዱዓ አነሱ። አርባው ሰው አብሮ አነሳ። "ስማቸውን በል፣ ሰይዶ።"

ስም ጠፋኝ። ስም ስፈልግ ባለንፍሮዋ እናት ላልተፈጠረው አጎቴ እንባቸውን በሻሻቸው ሲጠርጉ አየሁ። ያን ጊዜ አፌ እምቢ አለኝ።

"ሐጂ፣ የሞተ የለም" አልኩ። "ጠጪ ነኝ። ለማቆም ነው የመጣሁት። እነዚህ ወንድሞቼ ሊያስተዉኝ ነው የተቀመጡት። ሾፌሩም የሚያለቅሰው ለኔ አዝኖ ነው።"

መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ዋሸሁ። ሾፌሩ ግን እንባውን ጠርጎ "አዎ፣ አሳዝኖኝ ነው" አለ፤ እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው።

ሐጂ እጃቸውን አላወረዱም። "የተነሳ እጅ ባዶውን አይመለስም" አሉና ዱዓውን ለኔ አደረጉት፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አርባ ሰው አሚን አለ። ከዚያ ንፍሮው ዞረ። እናትየዋ እያቋደሱኝ "ይቺን ለመናገር ነው ሰው የገደልከው?" አሉኝ። ለካ የማያውቅ አልነበረም።

ዘይነባ ላይ መላክ አላስፈለገኝም፤ ወሬው ሰንበቴ ቀድሞኝ ደርሷል። ሐሙስ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ "እስቲ እኔም ልስማው" አለች። አላህ ምስክሬ ነው፣ ከአርባው ሰው እሷ ከበደችኝ። ግን አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ለራሷ ነግሬ ወደ ሰሌኑ ተመልሻለሁ። ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። ሰው እንደዚያ ተሰብስቦ የሚቀመጥልኝ ስሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቁሜ ተቀመጡልኝ።