አልወድቅም ያለው በር

ይሄን ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ስለ ጋሽ ሚስማር ነው።

ጋሽ ሚስማር የቲያትር ቤት አናጢ ናቸው። መድረክ ላይ የምታዩት ግድግዳ በሉት ደረጃ፣ መስኮት በሉት በር፣ ሁሉም የሳቸው እጅ ነው። ስሙ የወጣላቸው አንድ ሚስማር በሚበቃው ቦታ አምስት ስለሚመቱ ነው። እዚህ ከመግባታቸው በፊት ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሲሠሩ ነው የኖሩት፤ ታዲያ እሳቸው ሲገቡ አመላቸውም ተከትሏቸው ገባ። «ጋሼ፣ ግድግዳው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ሲሏቸው «እሺ» ይሉና ለልጅ ልጅ የሚወረስ አድርገው ይሠሩታል። ማንም የማያየውን ጀርባውን ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። አንዴማ የሠሩትን ደረጃ ስምንት ሰው ከመድረክ ማንሳት አቅቶት፣ የሚቀጥለውን ቲያትር ደራሲ ለምነው ታሪኩ ውስጥ ደረጃ አስገቡ አሉ።

ታዲያ አሁን በቅርቡ አዲስ ቲያትር መጣ። ታሪኩ ላይ ወንድምየው፣ ተቆልፎባት የታመመች እህቱን ሊያወጣ በሩን በእርግጫ ገንጥሎ ይገባል። አዘጋጇ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ በእርግጫ የሚወድቅ በር ይሥሩልኝ።»

«የሚወድቅ?» አሉ ጆሯቸውን ተጠራጥረው። «እኔ የሠራሁት በር ወድቆ አያውቅም እኮ!»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

ሠሩት። ልምምድ ላይ ወንድምየውን የሚጫወተው፣ ትከሻው ቁም ሳጥን የሚያክል ልጅ፣ ተንደርድሮ መጥቶ ረገጠው። በሩ ንቅንቅ የለም። ልጁ ግን እግሩን ይዞ በአንድ እግሩ እየዘለለ መድረኩን ዞረው። ጋሽ ሚስማር ጥግ ላይ ሆነው ፈገግ አሉ።

«ኮሩ አይደል?» አለች አዘጋጇ።

«ኧረ እኔ! ትንሽ ጠንክሮብኝ ነው።»

በማግስቱ ሚስማሩን ሁሉ እያዘኑ ነቀሉና በሩን በሁለት ቀጫጭን የእንጨት ችንካር ብቻ አቆሙት። አሁን ደግሞ ጎረቤት ሆና የምትጫወተው ሴትዮ «ቤቶች!» ብላ በጣቷ ኳ ስታደርግ፣ በሩ ወደ ውስጥ ዘጭ!

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም!» አለች ሴትዮዋ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ።

አዘጋጇ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ምርቃት ነው። በሩ ሲንኳኳ ቆሞ፣ ሲረገጥ ካልወደቀ፣ ከዚህ በኋላ በሩንም ግድግዳውንም ሸራ ላይ አስለዋለሁ። እርስዎንም አመስግነን እንሸኛለን።»

የተሳለ በር! ቤታቸው የገቡት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ባለቤታቸው።

«በሬ ወደቀ።»

«ታዲያ ይውደቅ አልተባለም?»

«ሳይረገጥ ነዋ የወደቀው!»

ባለቤታቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «እንዲህ ካሳሰበህማ ከኋላው ቆመህ ያዘው!»

እሳቸው ለቀልድ ነው ያሉት። ጋሽ ሚስማር ግን ቀልድ መሆኑ አልገባቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ሚስማር ለተመልካች በማይታይበት፣ ከበሩ ጀርባ፣ በሁለት እጃቸውና በትከሻቸው ደግፈው ቆመዋል። ጎረቤቷ አንኳኳች፤ በሩ ቀጥ እንዳለ ነው። እፎይ! ወንድምየው ተንደርድሮ መጣና ረገጠ።

ንቅንቅ የለም።

እጃቸው እምቢ አላቸዋ! ሃያ ዓመት በር ሲያቆም የኖረ እጅ እንዴት ብሎ ይልቀቅ? ልጁ ደገመው፤ አሁንም ወይ ፍንክች። ከአዳራሹ አንዱ ኪኪኪ አለ። ልጁ ከኋላ ማን እንደያዘው ገባውና አፉን የበሩ ስንጥቅ ላይ ለጥፎ አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁ እንጂ!»

«ልለቅ ነው…»

«በእናትዎ! እህቴ ልትሞት ነው!»

ይሄን የመጨረሻውን ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። ጋሽ ሚስማር ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ ጎን ዞር አሉ። ሦስተኛው እርግጫ ሲያርፍ በሩ ከነአቧራው ጓ ብሎ ወደቀ። ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዷ እንባዋን ትጠርጋለች።

መጋረጃው ሲዘጋ አዘጋጇ መጣች። «ጋሼ፣ እኔ ሦስት እርግጫ መቼ አልኩ?»

«እጄ ነው እንጂ እኔማ…»

«ሁልጊዜ ሦስት ይሁን» አለችና ሄደች።

ይሄው እስካሁን ድረስ ጋሽ ሚስማር ትርኢት ባለ ቁጥር ከበሩ ጀርባ ናቸው። ሁለቱን ይይዛሉ፣ በሦስተኛው ይለቃሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ዛሬም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ አሉ።

እናንተስ፣ ልልቀቀው ብላችሁ እጃችሁ እምቢ ያላችሁ ነገር የለም? እስቲ አውሩኝ!