የእድሩ ወንበርና የእኔ ፎርሃንድ

የእኔ ፎርሃንድ የሚሻሻለው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። የማሾፍ የሚመስለው ካለ መጀመሪያ አዳራሻችንን ይይልኝ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ የእድራችን አዳራሽ ይገኛል። አዳራሽ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ ጠባብ መጋዘን ነው። መሀሉ ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ተዘርግቷል። እኔ ከምቆምበት ጫፍ በስተግራ ግድግዳ አለ። በስተቀኝ ደግሞ የለቅሶ ወንበር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ከሥሩ የድንኳን ሸራና አንድ በግ ሙሉውን የሚውጡ ብረት ድስቶች አሉ። ፎርሃንድ ማለት በቀኝ በኩል የመጣችን ኳስ መምታት ነው፤ ኳሷ ወደ ቀኜ ራቅ ብላ ስትመጣ አንድ እርምጃ ልራመድ ካልኩ ጉልበቴ ከድስት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ለዓመታት እግሬን ተክዬ ክንዴን ብቻ እየወረወርኩ ስጫወት ኖርኩ።

ሌላኛው ጫፍ ሰፊ ነው፤ እሱ ግን የአሠልጣኜ ነው። አሠልጣኜ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው የሚችላቸው አልነበረም ይባላል፤ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። በጨዋታው ሕግ ተጫዋቾች ከዙር ዙር ቦታ ይቀያየራሉ። በእኛ ሰፈር ወግ ደግሞ ታላቅ ሰው ከያዘው ቦታ «ይልቀቁልኝ» አይባልም። ወጉ ሕጉን በዝረራ አሸነፈው።

«ፎርሃንድ የክንድ ሥራ አይደለም፣ የእግር ነው» ይሉኛል ከሰፊው ጫፍ ሆነው። «ቀኝ እግርህን ወደ ጎን አውጣ፣ ግራው ይከተል። ክብደትህን ቀኙ ላይ ጣል፤ ከዚያ ወገብህን አዙረህ ምታና ክብደቱን ለግራው መልስለት።»

«ጋሼ፣ ድስቱስ?»

«ድስቱን እንደሌለ ቁጠረው።»

እንደሌለ ቆጥሬው ሁለት ሳምንት አነከስኩ።

የእድሩን ጸሐፊ ሄጄ ለመንኩ። ወንበሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ይቀመጥልኝ አልኩት።

«ማን ሞቶ?» አለ።

«ማንም አልሞተም።»

«ሰው ሳይሞት የእድር ዕቃ አይወጣም። ደንብ ነው።»

«ለሁለት ሰዓት ብቻ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ለሁለት ሰዓት የሚሞት ሰው ፈልገህ አምጣ።»

ሰው ሲሞት ግን ዕቃው በሙሉ ተጭኖ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ እስከ ሠልስት ድረስ አዳራሹ ወለል ብሎ ይከርማል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ቀብር እደርሳለሁ፣ ድንኳን ገብቼ ንፍሮ እዘግናለሁ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እላለሁ፣ ከዚያ ራኬቴን ይዤ እሮጣለሁ። ለውጤ የሚገርም ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ድስቱ ሲመለስ እኔም ወደ ድሮዬ እመለሳለሁ።

ሰው ባልሞተበት ሰሞን እግሬ እንዳይረሳ ከሥራ ስወጣ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ፒያሳ በጎን መራመድ ጀመርኩ። አንድ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ጋራዥ አሳየው!» አለኝ።

ከዚያ ባሰብኝ። እድራችን መርዶ የሚልከው በስልክ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸና አነበብኩ። ባለቤቴ ጉርሻዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። «ማን ሞቶ ነው ፊትህ እንዲህ የበራው?» አለችኝ።

ለወረዳው የአንጋፋዎች ቡድን ተጫዋች የሚመረጥበት ቀን ሲቃረብ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ እንኳ ለዘማሪነት ያሰለፉኝ ቁመቴን አይተው ነው። ይህን ምርጫ ፈለግኩት፣ በጣም ፈለግኩት። አንድ ወር ሲቀረው ግን የሰፈራችን ሰው በአንድነት ጤነኛ ሆኖ ቁጭ አለ።

በዚህ መሀል ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤታችን እማማ ታመሙ። ብርቱካን ይዤ ጠየቅኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሜ ሄድኩና ልጃቸውን «እህል ይቀምሳሉ?» አልኳት። በሦስተኛው ስሄድ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አጃ ይጠጣሉ። አፌ «ተመስገን» አለ፤ ሆዴ ግን ቅር አለው። ቅር እንዳለው ሳውቅ ደነገጥኩ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ለአሠልጣኜ ተናዘዝኩ። «እኔም ሠልስታቸው ከምርጫው በፊት ይውል እንደሆነ አስቤው ነበር» አሉ። ለጸሐፊው የነገሩት እሳቸው ይመስሉኛል። አራዳ ውስጥ ምስጢር አያድርም፤ በማግስቱ እማማ አስጠሩኝ። ስገባ ጸሐፊው አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ወንበሩ ሲወጣ ነው አሉ የምትለማመደው» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስታመም በሳምንት ሦስቴ መጣህ። በደህናዬ ግን አንድ ቀን ብቅ ብለህ አታውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ዕቃውን እኔ ግቢ አምጡት። መምጣቱ ላይቀር ሁለቴ ምን አለፋችሁ?» አሉት። ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን ሦስት ጊዜ አገላበጠ፤ አባል ከመሞቱ በፊት ዕቃውን እንዳይወስድ የሚከለክል አንቀጽ አጣ። በማግስቱ ድስቱ፣ ወንበሩና ሸራው ወደ እማማ ግቢ ተጓዘ።

ለአሥር ቀን እንደ ልቤ ተራመድኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ወገብ። መጀመሪያ ላይ ድስት በሌለበት ሁሉ ጉልበቴን እሰበስብ ነበር፤ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። የምርጫው ቅዳሜ የመጨረሻዋ ኳስ ከቀኜ ርቃ ስትመጣ እግሬ ሳላዘው ሄደ፣ መታኋት፣ ተመረጥኩ።

ላበስራቸው ብዬ በቀጥታ ወደ እማማ ቤት ሮጥኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። ሦስቴ የጠየቅኳቸው ለምን እንደሆነ ትዝ አለኝና ጮኼ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ገባሁ።

እማማ ከፊተኛው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ሻይ ያስቀዳሉ። ሸራው ሌሊት በዝናብ ረጥቦ ኖሮ እንዲደርቅ ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። መታመማቸውን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ድንኳኑን እያየ እያለቀሰ ገባ፤ የገባውን ደግሞ «ከመጣህማ ተቀመጥ» ይሉታል። ሰው አፍሮ፣ ስቆ፣ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል።

«ተመረጥክ?» አሉኝ።

«ተመረጥኩ፣ እማማ።»

«እሰይ። እንግዲህ ከእኔ ቤት እግርህ ሊቀር ነው በለኛ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በጋቢያቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝና ጫፉን አገላብጠው አዩት።

«ይቺ እንኳ የእውነት ናት» አሉ።