የንግሥቲቱ ዋጋ

ሽማግሌው ወደ ንባብ ክፍሉ በመጣ ቁጥር ሁለት ወንበር ይስባል፤ በአንዱ ራሱ ይቀመጣል፣ በሌላው ኮፍያውን ያስቀምጣል። ጠረጴዛውን በመሐረቡ ሳይወለውል ላፕቶፑን አይከፍትም። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ወልቆ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የሚተክልለት ሰው እንደሌለ ያስታውቃል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ከራሱ አፍ ሰምታለች። ከሟች ባለቤቱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የተጫወቱትን ቼዝ ባለቤቱ አንድ በአንድ በደብተር መዝግባው ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ሁሉ ራሱ ለጻፈው የቼዝ ፕሮግራም ያጎርሰዋል፤ ፕሮግራሙም ማን እንዳሸነፈ እያየ የእያንዳንዱን ጠጠር ዋጋ በራሱ ያስተካክላል።

«እሷ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቼዝ ላይ የለችበትም» ይል ነበር እየሳቀ።

ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ንግሥት ዘጠኝ ነጥብ ነበረች፤ ፕሮግራሙ ሁለት አደረጋት።»

«ማሽን አይደል፣ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ደብተሩን ገልጬ አየሁት። ንግሥቴን አስበልቼ እንኳ የማሸንፈው እኔ ነኝ። እያወቀች ነው ለካ ስትሸነፍልኝ የኖረችው።»

እጁ ኮፍያው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሠራተኛዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ባለቤትዎ አንድ ቀን እንኳ አሸንፈውዎት አያውቁም?»

«አንድ ቀን» አለ ዓይኑን ከወንበሩ ላይ ሳይነቅል። «ያን ሰሞን ተኳርፈን ነበር።»