ለምርቃቷ የጠበስኩት በርገር

ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ እየተማረች በአካውንቲንግ ዲግሪዋን ልትይዝ የተቃረበች ሰሞን፣ እኔ ሰው ፊት አንድ ቃል ገባሁ። የጸሎት ኅብረታችን አልቆ ሻይ እየጠጣን ሳለ «በድግሷ ቀን እሷ ወጥ ቤት እግሯን አታስገባም፤ እኔ ነኝ የምሠራው» አልኩ። ሴቶቹ «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ጭብጨባ ደስ ይላል፤ ችግሩ ከተጨበጨበ በኋላ ቃልን ማጠፍ አለመቻሉ ነው።

ያላጨበጨበችው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። የታቦር ተራራን ዳገት እየወጣን ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣

«ምንድነው የምትሠራው?» አለችኝ።

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእንቁላል ጥብስ ያለፈ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ እንቁላሉንም ቢሆን የሚያመሰግነው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መላ ያገኘችልኝ ልጃችን ናት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ከእኛ ይልቅ ለስልኳ ትቀርባለች። ሐይቁ አካባቢ ወደ ተከፈተ አንድ የበርገር ቤት ይዛኝ ሄደችና «ሚኒ ቺዝበርገር» የሚባል ነገር አዘዘች። በእንጨት ጣውላ ላይ ተደርድሮ መጣ። እያንዳንዱ ከሕፃን ልጅ ጡጫ አይበልጥም። ውስጡ ስስ ስጋ፣ የቀለጠ ቺዝ፣ አንድ ቁራጭ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር አለ። አንዱን በአንድ ጉርሻ፣ ሌላውን በሌላ ጉርሻ ጨረስኩና ቤት ገብቼ ምሳ በላሁ። ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ማግኘት ይቻል ነበር። አንደኛው ምግቡ እንደማያጠግብ፤ ሁለተኛው ለመሥራት ቀላል እንደሚመስል። እኔ ሁለተኛውን ይዤ ሄድኩ።

ደግሞስ ምን ያስቸግራል? ወጥ የለው፣ እንጀራ የለው። ልጄ ስልኳ ላይ ያሳየችኝ ሰውዬ ለአንድ አዳራሽ ሰው የሚበቃውን ፈገግታው ሳይጠፋ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ሸሚዙ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት እንኳ አልነበረም።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ለአማቴ መደወል ነው። አማቴ የሚኖሩት ቡሹሎ ነው። ድግስ በሰሙ ቁጥር ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቅቤውንና እርጎውን አስከትለው፣ ባጃጅ ሞልተው ነው የሚመጡት። በዚህኛው ድግስ ግን ክብሩን ከማንም ጋር መካፈል አልፈለግሁም።

«እማማ፣ ለድግሱ ምንም ይዘው እንዳይመጡ» አልኳቸው።

«ምንም?»

«ምንም። እጅዎን ይዘው ይምጡ።»

«ቅቤስ?»

«ቅቤም አያስፈልግም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ በመጨረሻ።

ቀጥዬ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄድኩ። ትንንሽ ክብ ዳቦ እንደምፈልግ ነገርኩት። «ትንሽ ስትል ምን ያህል?» አለኝ። ጡጫዬን ጨብጬ አሳየሁት። ጡጫዬን ገልበጥ አድርጎ አየና «ገባኝ» አለ።

ከስጋ ሻጩ ጋር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተግባባንም። ያማረውን ቀይ ስጋ አስመረጥኩና «ይፈጭልኝ» ስለው፣ ቢላውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄንን?»

«አዎ፣ ለበርገር ነው።»

«ጮማ ይግባበት?»

«አይ! ቀዩን ብቻ።»

ለእንግዶቼ ክብር ነበር ጮማውን የከለከልኩት። ጮማ የሌለው ስጋ መጥበሻ ላይ ሲወጣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚኮማተር የበርገሩ ሰውዬ አልተናገረም፤ ወይም የተናገረው ልጄ ያሳለፈችው ቦታ ላይ ነው።

ድግሱ የተደረገው በምርቃቱ ማግስት፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ጾም እንዳይሆን አጣርተናል፤ የክፍል ጓደኞቿ ከየአገሩ የመጡ፣ እምነታቸውም የተለያየ ነበር። ጠዋት ዳቦው በጆንያ መጣ። ጆንያውን ስከፍት እያንዳንዱ ዳቦ የሻይ ሰሃን ያክላል። ጋጋሪው ጋ ደወልኩ።

«ትንሽ አላልኩህም?»

«ጡጫህን አይደል ያሳየኸኝ? ሊጡ ልክ ጡጫህን ያህል ነበር። እርሾ ሲገባበት ያብጣል እንግዲህ፤ ምን ላድርገው?»

ምንም ሊያደርገው አይችልም ነበር። ዳቦው አብጦ፣ ስጋው ደግሞ መጥበሻው ላይ እንደወጣ እየተኮማተረ የካፖርት ቁልፍ አከለ። ሚኒ የሆነው ስጋው ብቻ ነው። ዳቦውን ገልጦ ስጋውን ለማግኘት ትንሽ ፍለጋ ይጠይቅ ነበር።

ሳሎኑ ሞላ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጋዋኗን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ ተቀምጣለች። አማቴ ናቸው «ልብሱን እኔም ልየው» ብለው በድጋሚ ያስለበሷት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ተራዋ እስኪደርስ እንደምትጠብቅ ታካሚ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ አማቴ የጋዋኗን ጫፍ ይዘው መልሰው ያስቀምጧታል።

መጥበሻው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የኅብረታችን መሪ ጊዜ እንዲገዙልኝ በጸሎት እንዲከፍቱ ተደረገ። ለተመራቂዋ ጸለዩ፣ ለዩኒቨርሲቲው ጸለዩ፣ ለከተማዋ ጸለዩ፣ ለአገሪቱ ጸለዩ። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው በበሩ በኩል አዩኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ ገና ነው ለማለት። ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገሩ።

ጸሎቱ ቢያልቅም ስጋው አላለቀም፤ የንግግር ተራ ሆነ። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ተነሣች። ባንክ የምትሠራ፣ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት።

«በዕድሜ ትልቃችን ስለሆነች እማ ነው የምንላት» ብላ ጀመረች። «እኔ የማልረሳው ግን የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ፈተና ወድቃ ልታቋርጥ ነበር። ሐይቁ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ለምን ለቤተሰብሽ አትነግሪያቸውም ስላት፣ ከነገርኳቸው አዝነውልኝ ተዪው ይሉኛል፤ ተዪው ካሉኝ ደግሞ እተወዋለሁ አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ሄደን ዓሣ ገዛች፤ ቤቷም ገባች። በሳምንቱ ክፍል ስመጣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ማገላበጫዬን እንደያዝኩ በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

ያንን ዓሣ አስታውሰዋለሁ። ቆሮሶ ነበር። «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ስላት «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ሽንኩርቱ ገና ዘምቢሉ ውስጥ ነበር። እኔም «አዎ፣ የዘንድሮ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው» ብያት ዓሣው እስኪጠበስ ዜና አየሁ። ሲቀርብም እያሞገስኩ በላሁት።

«አባዬ፣ እያረረ እኮ ነው» አለች ልጄ።

«አዎ» አልኳት። ስለ ስጋው መናገሯ መሆኑ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

በመጨረሻ ቀረበ። ልጄ ቺዙን ከላይ እያደረገች፣ እኔ ዳቦውን እየከደንኩ በትሪ አዞርነው። እያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ አነሳ። የመጀመሪያ አስተያየት የሰጡት የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ቃላቸውን የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ረጅም ጊዜ አኝከው፣

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቆዳው ብቻ ጠንከር ይላል።»

ልጄ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «አባዬ፣ ስንጣደፍ የአንዳንዱን ቺዝ መጠቅለያ ላስቲክ ያነሳሁት አይመስለኝም» አለችኝ።

አጠገባቸው ሄጄ በርከክ አልኩ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አፍዎ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው። አይበላም።»

አጎቷ አልተደናገጡም። ላስቲኩን በሁለት ጣታቸው አውጥተው፣ አጣጥፈው ሰሃናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«ታውቆኛል» አሉ። «የሰው ቤት ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።»

ሌሎቹም ዳቧቸውን እየገለጡ መመርመር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ነገር ሆነ። ሁሉም አንዷን ጨርሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ትሪውን ይዤ ሁለተኛ ዙር ስዞር አንድም ሰው አላነሳም። «ተባረክ፣ ቦታ ልተው» ይለኛል አንዱ። «ኋላ እንዳያቅተኝ» ትለኛለች ሌላዋ። የኅብረታችን መሪ ሆዳቸውን ዳበስ አድርገው «ለመክፈቻው እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። አማቴ ወደ ጓዳው እያዩ «የእጅ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

ወጥ ቤት ገብቼ የተቆለለውን በርገር አየሁ። ባለቤቴ ተከትላኝ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ሰዎቹ ምሳ እየጠበቁ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«በልተዋል እኮ!»

«እነሱ ግን አላወቁም።»

«እማማ ምንም ይዘው አልመጡም?»

«እጅዎን ይዘው ይምጡ አልካቸው። እጃቸውን ይዘው መጥተዋል።»

አንድ እግሯን ስታነሳ «አትግቢ!» አልኳት። ያኔም ቢሆን ስለ ቃሌ ነበር የማስበው። ባለቤቴ ቆቧን አስተካከለች። እግሯን መለሰችና ደፉ ላይ እንደቆመች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታዘኝ ጀመር።

«ትልቁን ድስት ጣደው። ሽንኩርት ክተፍ፤ ደቀቅ አድርገው እንጂ! እሺ ይሁን። ዘይት። አሁን በርበሬ። አማስለው፣ ይያዝብሃል። ቅቤው ከመደርደሪያው ላይ ነው፣ ቀዩ ክዳን። ልጄ፣ አንቺ ደግሞ በርገሩን ፍቺው፤ ላስቲኩን ለብቻ፣ ስጋውን ለብቻ። ዳቦውን ቁረሱት።»

ልጄና እኔ ስንፈታ፣ ስንከትፍ፣ ስንቆርስ ቆየን። የኅብረቱ መሪ መዝሙር አስጀመሩ። የተከተፈው ስጋ ቁሌቱ ውስጥ ገባ፤ ዳቦው ገባ፤ ቺዙም ገብቶ እንደ ድር ተሳሳበ። የበርገር ፍርፍር ሆነ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

የእጅ ውሃው ዞረና ፍርፍሩ በትልልቅ ትሪ ቀረበ። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ነፍስ ዘራ። ወንበር ተሳበ፣ እጅጌ ተሰበሰበ፣ ትሪው ዙሪያ ክብ ተሠራ። አጎቷ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ወደ ብርሃን እያነሱ ካዩ በኋላ እምነታቸው ተመለሰ። አማቴ ጠርተው አጎረሱኝ። አማቴ ደስ ሲላቸው ነው የሚያጎርሱት፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጎርሼ አላውቅም።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ። «ምን ይባላል?»

«ቺዝበርገር ነው፣ እማ» አለች ባለቤቴ ከሶፋው።

አማቴ እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ ዞረው አዩኝ።

«ታዲያ ቅድም የሰጠኸን ምን ነበር?»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኔ ድስቱን ሳጥብ ባለቤቴ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃለች። ስለ ሐይቁ ዳር ልጠይቃት አስቤ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ።

«ያኔ ብትነግሪኝ ተዪው አልልሽም ነበር» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

ድስቱ ሥር የተያዘውን ቺዝ እየፋቅሁ አሰብኩበት። ቺዝ ሲደርቅ በቀላሉ አይለቅም።

«አይደለሁም» አልኳት።

ሳቀች። ተነሥታ ልትሄድ ነው ስል፣ የገባሁትን ቃል ሁሉ ጥሳ ወጥ ቤት ገባችና ድስቱን ከእጄ ወሰደችው። «እንደዚህ አይደለም የሚታጠበው» አለች። በጋዋኗ ሰፊ እጅጌ ውሃ ገባ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከዓመታት በኋላ ትምህርት የሌላት የመጀመሪያ ቅዳሜዋ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ተኛች። ልጄና እኔ በእግራችን ጣት እየረገጥን በየክፍሉ ተንሸራሸርን። ስትነቃ ፀጉሯ እንደተበታተነ ሳሎን መጥታ «ምን የሚበላ አለ?» አለችን። እርስ በርስ ተያየን። ምንም አልነበረም። ሦስታችንም ነጠላ ጫማችንን አድርገን ዳገቱን ወርደን አንድ ምግብ ቤት ሽሮ በላን።