ፓንሲት ይዛ የገባችው ነርስ

ሆስፒታላችን ውስጥ ፓንሲት ይዞ መግባት ነውር ነው። የተጻፈ ሕግ የለም። ነገር ግን ያ ለልደት የሚሠራው ረጅም የሩዝ ኑድል በሥራ ሰዓት ከተበላ በሽተኛ ይጎርፋል ይባላል፤ ሐኪሞቹም ሳይቀሩ ያምናሉ። እኔ ፔትራ፣ ይህን ወለል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወለወልኩት፣ ከሁሉም የባሰ አምናለሁ። በሽተኛ ሲጎርፍ ጭቃው የሚጠብቀው እኔን ነዋ!

ፓንሲት ለማምጣት የሚደፍረው ሥራ የሚለቅ ነርስ ብቻ ነው። በመጨረሻ ቀኑ አንድ ትሪ ሙሉ ያመጣል፣ ያበላናል፣ ከዚያ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ለንደን ይበራል። በሽተኛው ቢጎርፍ የእሱ ጣጣ አይደለም። እስካሁን የሰባት ነርሶች ትሪ በልቻለሁ፤ ሰባቱንም እያኮረፍኩ።

እና ማክሰኞ ጠዋት ኔኒታ በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ ትሪ ታቅፋ ስትገባ ልቤ ስንጥቅ አለ።

ኔኒታ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርታለች። ደም ሥር በመጀመሪያው መርፌ ታገኛለች። የትኛው ዓሣ አጥማጅ ኪኒኑን ሳይውጥ «ውጫለሁ» እንደሚል ከዓይኑ ታውቃለች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ልጃቸው ቢያንካ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ዓርብ ትሸለማለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሜዳሊያውን መድረክ ላይ ወጥቶ አንገቷ ላይ የሚያጠልቅላት ወላጅ ነው። አምና ያጠለቀችላት ጎረቤት ነበረች።

ኔኒታ የዓርብ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ማትሮኗ ማም ሶሌዳድ ሦስቴም «ማን ይተካሻል?» አሏት። ሰኞ ዕለት እኔ ስወለውል እሷ የአልጋ ልብስ እየቀየረች፣ እንደ ታላቅ እህት አክብራ «ማናንግ፣ ነርስ ወደ ውጭ አገር የሚልከው ኤጀንሲ ዓርብ ደውሎ መልሴን ይጠይቀኛል። እንግዲህ እሺ ልላቸው ነው» አለችኝ።

«በይያ! እኔ ምን አገባኝ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

ይኸው ዓርብን እንኳ ሳትጠብቅ ቆርጣለች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መርፌ ልትወጋ ሄደች። ማም ሶሌዳድ መጡና ቅጠሉን ገለጥ አደረጉት።

«ፔትራ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓይንዎ አያይም እንዴ ማም? ፓንሲት ነው። ለኤጀንሲው እሺ ልትል ነው፤ ያባረሯት እርስዎ ነዎት!»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ኔኒታ ስትመለስ ቀና ብለው አዩዋት።

«ኔኒታ፣ አንቺ ተረኛ ስትሆኚ እኔ ቤቴ ስልኬን አጠፋለሁ። በሌላ ነርስ ተራ አጥፍቼ አላውቅም» አሏት። ቀጥለውም፣ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም አትበይኝ። እኔንም በሠላሳ ዓመት ማንም ነግሮኝ አያውቅ። አላውቅበትም» አሉ።

እኔም መወልወያዬን ተደግፌ አለቀስኩ። «አንቺ ከሄድሽ እዚህ ቤት ‹ፔትራ፣ በልተሻል ወይ› የሚለኝ ማን ነው?» አልኳት።

ኔኒታ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ ማትሮኗን አየች።

«ማን ነው የሚሄደው? ፓንሲቱ የሽማግሌው በሽተኛችን የሎሎ ኢስኮ እኮ ነው! ዛሬ ሰማንያ ዓመት ሞላው። ጠያቂ የለውም። ‹ፓንሲት ካልበላሁ ዕድሜዬ ያጥራል› ብሎ ትናንት ሲነፋረቅ ዋለ። ምን ላድርገው?»

 ራሱ ሎሎ ኢስኮ ከአልጋው ሆኖ «ቀዘቀዘ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ኔኒታ አልሳቀችም። «ይህን ለመናገር እስክሄድ ነበር የምትጠብቁት?» አለች፤ በቁጣ አልነበረም፣ ቀስ ብላ ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማም ሶሌዳድ ተነሥተው የተረኞች ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ዓርብ ላይ የኔኒታን ስም ሰርዘው የራሳቸውን ጻፉ።

ከዚያ በላን። ሎሎ ኢስኮ አንዲት ክር እንዳትቆረጥበት እየተጠነቀቀ ሁለት ሳህን ጨረሰ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሠርግ ቤት የበሉት ምግብ የመረዛቸው አሥራ አራት ሰዎች በአንድ ጂፕኒ ታክሲ ተጭነው መጡ። «አላልኳችሁም? ኑድሉ ነው!» ስል ማም ሶሌዳድ «ዝም ብለሽ ወልውይ» አሉኝ። እስኪመሽ ወለወልኩ።

ዓርብ ዕለት ማትሮኗ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሲሮጡ ዋሉ። ኔኒታ ወደ ልጇ ሽልማት በመሄዷ ደስ ቢለኝም፣ ያ የኤጀንሲ ስልክ ግን ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። አሥር ሰዓት ላይ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ቢያንካን ከነሜዳሊያዋ አስከትላ መጣች። ማም ሶሌዳድ ሜዳሊያውን አገላብጠው አዩና ልጅቷን ሳሟት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኤጀንሲውስ ደወለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንጃ» አለች ኔኒታ። «ዛሬ ተረኛዋ እርስዎ ነበሩ አይደል? ስልኬን አጥፍቼ ዋልኩ።»

 ማም ሶሌዳድ ወደ ቧንቧው ዞረው አሁን የታጠቡትን እጃቸውን እንደገና ይታጠቡ ጀመር።