በአክስቴ ምርኩዝ ልክ

«ልቀቁኝ፤ ራሴ እወጣለሁ!»

አክስቴ መኪና ላይ ሊያወጣቸው የተዘረጋን እጅ ሁሉ የሚመልሱት በዚህ ቃል ነበር። ከአርብ ገበያ ሲመለሱ ከገብስ ከረጢታቸው ተለይተው ፊት አይቀመጡም፤ የመስክ መኪናዬ የኋላ በር ደግሞ ለጉልበታቸው ከፍ ይል ነበር። አንድ ቀን ምርኩዛቸው ላይ በቢላ ምልክት አበጁና «እግሬ የሚነሳው እስከዚህ ነው። እኔን ከምታነሺኝ መኪናሽን ዝቅ አድርጊያት» አሉኝ።

መኪናዋን መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለ መካኒክ ወሰድኳት። መካኒኩ መኪናዋን ከኋላ ከሚሸከሙት ሁለት ባሌስትራዎች ከተደራረበው ብረት አንድ አንድ አውጥቶ ኋላዋን እስከ ምልክቱ ዝቅ አደረገልኝ። «በዚህ መንገድ? ድንጋዩ ሆዷን ይዘረግፈዋል!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አክስቴ ማንም ሳይነካቸው ወጥተው ከረጢታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

አክስቴ ካረፉ በኋላ፣ አርባቸው በወጣ ማግስት፣ ያው መካኒክ «እንግዲህ ብረቱን ልመልሰው፤ የሚወጣባት የለም» አለኝ። የኋላው ወንበር ባዶ መሆኑን ከእሱ አልሰማም። ምርኩዛቸውን አምጥቼ ከበሩ ሥር አቆምኩት፤ ምልክቱ ዛሬም ከደፉ ጋር ልክ ነው። ድንጋይ ከነካት ቀስ ብዬ እነዳታለሁ። መፍቻውን ይዞ ሲጠጋ ግን እጁን መለስኩት።

«ልቀቃት!»